ለብቻሽ እንዳታድሪ

ተጂ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለውድ ልጄ፣

በቾ ሜዳ ላይ ተኝቶ የከረመው ውሃ እየሸሸ ነው፤ ሽምብራ የሚዘራ ዘርቷል፣ ጤፉም አምሯል። አባትሽ ጉልበቱን ቢያመውም ከማሳ አልቀረም። እህትሽ ለሰኞ መንገድሽ በሶና ቆሎ አዘጋጅታልሻለች፤ ይህን ደብዳቤ ከስንቁ ጋር የአጎትሽ ልጅ ሰበታ አክስትሽ ቤት ድረስ ያመጣልሻል።

ባለፈው የጠየቅሽኝን በስልክ መመለስ አልሆነልኝም። አብረውሽ በሚድዋይፍነት ከተመረቁት ሁለቱ ገና ሥራ ሳይጀምሩ ሙያውን ለመተው እያሰቡ መሆኑን ነገርሽኝና «እማዬ፣ አንቺ ግን እንዴት ሳትለቂ ቀረሽ?» አልሽኝ። እኔም «እግዚአብሔር ረድቶኝ» ብዬ ወሬውን ዘጋሁት። እውነት ነው፣ ረድቶኛል። የረዳኝ ግን በሰው እጅ ነበር። ያ እጅ ምን እንደነበር ሳታውቂ ወደ ሥራ ምድብሽ እንድትሄጂ አልፈልግም። የሄዱትም ለምን እንደሄዱ ማወቅ አለብሽ፤ የቀረነውን ብቻ ብነግርሽ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል።

እንደምታውቂው ማዋለጃ ክፍል ረጅም ዓመት ከሠራሁ በኋላ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ወደ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ተዛውሬ የእናቶችና ሕፃናት ጤና አስተባባሪ ሆንኩ። እዚያ ስቀመጥ የሚለቁት ሚድዋይፎች ማመልከቻቸውን ይዘው በእኔ በኩል ያልፉ ጀመር። ማመልከቻው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ «በግል ጉዳይ ምክንያት» ይላል፣ ካልሆነም «በቤተሰብ ችግር»። የሰው ሀብት ክፍል ተቀብሎ ፋይል ያደርገዋል፤ ዓመቱ ሲያልቅም «በግል ጉዳይ የለቀቁ» ተብሎ ሪፖርት ላይ ይደመራል። እኔ በሩን ዘግቼ፣ ሻይ አስመጥቼ እጠይቃቸው ነበር። አንድም ሰው «ማዋለድ ሰለቸኝ» ብሎኝ አያውቅም። ይህን ልብ በይልኝ። ሕፃን መቀበል ያስጠላው ሰው እኔ በር ላይ አልደረሰም። የሚያወሩኝ ሌላ ነገር ነበር፤ አብዛኛው ስለ ሌሊት ነው።

የአንዷን ልንገርሽ፤ ስሟን አልጠራም። ከተመረቀች ብዙም አልቆየችም። ጤና ጣቢያው በወረቀት ሁለት ሚድዋይፍ አለው፤ አንዷ ግን የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት። ሌሊት ስድስት ሰዓት ገደማ አምስተኛ ልጇን የተገላገለች እናት የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ደሟ አልቆም አለ። ማህፀኗ አልጠነክር ብሎ ለስልሶ ቀረ። ልጅቷ ኦክሲቶሲን ወጋቻት፣ ፈሳሽ ሰቀለችላት፣ በካቴተር ሽንቷን አወጣችላት፣ ከዚያም እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ማህፀኑን ማሸት ያዘች። መብራት የለም፤ ስልኳን የፈሳሹ ማንጠልጠያ ላይ በፕላስተር ለጥፋ በሱ ብርሃን ነው የምታየው። በዚህ መሃል ጎን ባለው አልጋ ላይ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጠው ልጅ «መጣ! መጣ!» ብላ መግፋት ጀመረች። በሁለቱ አልጋ መካከል ያለው ሦስት እርምጃ ነው። እጇን ካነሳች ደሙ ይመለሳል፤ ካላነሳች ሕፃኑ ተቀባይ አጥቶ ይወጣል። ምን አደረገች መሰለሽ? የወለደችዋን ሴት አማት ከደጅ ጠርታ፣ እጃቸውን ይዛ ሆዷ ላይ አስቀመጠችና «እማማ፣ ጠንክሮ እስኪሰማዎት ይሹት፣ እንዳይለቁት» ብላቸው ጓንት ቀይራ ወደዚያችኛዋ ዞረች። ዘበኛው ደጅ ሆኖ አምቡላንስ ይደውላል፤ አምቡላንሱ ሌላ ቀበሌ ሄዷል። ሁለቱም እናቶች ነጋላቸው። ሕፃናቱም ተረፉ።

ከወር በኋላ የግምገማ ስብሰባ ተጠራ። ያን ሌሊት በተመለከተ የተነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ የሁለተኛዋ እናት ፓርቶግራፍ፣ የምጥ መከታተያው ቻርት፣ ለምን አልተሞላም? ልጅቷ ዝም አለች። በማግሥቱ ማመልከቻዋን ይዛ መጣች፤ «በግል ጉዳይ» ይላል። በሩን ዘጋሁ። «ሲስተር፣ መሙላት እንዳለብኝ ጠፍቶኝ አይደለም» አለችኝ፤ «ግን አንድም ሰው ከማን ጋር ነበርሽ አላለኝም።» አሁን አዲስ አበባ ልብስ ትነግዳለች። የዚያን ሌሊቷን ዓይነት እጅ ያላት ሚድዋይፍ ብዙ አላየሁም።

ፓርቶግራፍ ከንቱ ነው ማለቴ እንዳይመስልሽ። ምጥ ሲራዘም ቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው፤ የተራዘመና የታሰረ ምጥ ደግሞ ሕፃኑን ይገድላል፣ እናቲቱን ፌስቱላ ያስይዛል። በየግማሽ ሰዓቱ የፅንሱን የልብ ምት አዳምጠሽ መዝግቢ። የምልሽ ሌላ ነው። ያን ቻርት በትክክል ለመሙላት ከሌላ እናት ማህፀን ላይ የተነሳ ነፃ እጅ ያስፈልጋል። የጎደለው እጁ ሆኖ ሳለ የሚጠየቀው ወረቀቱ ሲሆን ሰው ቆርጦ ይሄዳል። ሥራው ከብዷት የለቀቀች ሚድዋይፍ ጥቂት ናት። የብዙዎቹን ልብ የሰበረው የሁለት ሰው ኃላፊነት በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ተጭኖ «ቻይው» መባሉ ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር እነ ሜቪስ ከርካም የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ሚድዋይፎች ለምን እንደሚለቁ አጥንተው ነበር። ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ምክንያት በሥራ ላይ እንዲሠሩ በሚገደዱበት መንገድ አለመርካታቸው ነው፤ እንደ ተማሩትና እንደሚያምኑበት አድርገው እናትን መንከባከብ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ጥያቄውን ገልብጠው «ለምን ይቀራሉ?» ብለው ጠየቁ፤ የቀሩት የሚያነሱት ከእናቶች ጋር ያላቸውን ግንኙነትና የባልደረቦቻቸውን ድጋፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የዚያ አገር የሚድዋይፎች ማህበር ጉዳዩን እንደገና ሲያየው የሰው ኃይል ማነስና የሚፈልጉትን ያህል እንክብካቤ መስጠት አለመቻል ዋና ዋና ምክንያቶች ሆነው ተገኙ። መብራቱ የማይጠፋበት፣ ደም ባንኩ ቅርብ የሆነበት አገር ያለችው አዋላጅ የምትለው እዚህ በሬን ዘግቼ ከሰማሁት ጋር ይገጥማል።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ በግልጽ እናውራ። «ይህ የተቀደሰ ሙያ ነው፣ ስለ ብር አይወራበትም» የሚሉሽ ይኖራሉ። አትስሚያቸው። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት ቤታቸው የሚተኙ ናቸው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ኑሮው ምን እንደሆነ አንቺም ታውቂዋለሽ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸው ድምፃቸውን ሲያሰሙ፣ በየቦታውም ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ፣ እዚህ ቤት ሬዲዮ ሥር ቁጭ ብዬ ሁለቱንም ወገን አሰብኩ። ምጥ ቀጠሮ አይሰጥም። ልጁን በዱቲ ክፍያ የሚያሳድግ ሰው ደግሞ ክፍያው ለወራት ሲዘገይበት ለባለሱቁ ምን ይበለው? የሠራሽውን ዱቲ ቀኑንና ሰዓቱን በራስሽ ደብተር መዝግቢ፤ ከሰዓት መቆጣጠሪያው ጋር በየወሩ አመሳክሪ። ሲዘገይ በአፍ ሳይሆን በጽሑፍ ጠይቂ፣ ኮፒውንም አስቀሪ። ይህ ስስት አይደለም። ደመወዟ ያልበቃት ሚድዋይፍ ከሥራ ሰዓት ውጭ በግል ክሊኒክ ትሠራለች፣ ለሌሊቱ ተረኛነት ደክማ ትመጣለች፣ የዚያን ድካም ዕዳ የምትከፍለው አልጋው ላይ ያለችው ሴት ናት።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የዓለም የሚድዋይፎች ሁኔታ ሪፖርት ዓለም 900,000 ሚድዋይፍ እንደሚጎድላት ተናገረ። በእኛ አገር ደግሞ ተመርቀው፣ ተፈትነው፣ ቅጥር አጥተው ቤታቸው የተቀመጡ ሚድዋይፎች አሉ። ማዋለጃ ክፍል ውስጥ አንዷ ለብቻዋ ታድራለች፤ ጓደኛዋ ከዚያው ወረዳ እናቷ ቤት ሥራ ፈታ ትቆዝማለች። መካከላቸው ያለው የበጀት መደብ ነው። ሁለቱንም እናጣቸዋለን፤ አንደኛዋን በድካም፣ ሌላዋን በተስፋ መቁረጥ። በሚያዝያ 27 የሚድዋይፎች ቀን ሲከበር (የእኛ የአርበኞች ቀንም በዚያው ዕለት ይውላል) የምስክር ወረቀት ይታደላል፣ ኬክ ይቆረሳል። ደስ ይላል፣ ሂጂና ተቀበዪ። መድረኩ ላይ ዕድል ካገኘሽ ግን ስለዚህ የመደብ ጉዳይ ተናገሪ።

የእኛን አካባቢ ደግሞ ታውቂዋለሽ። ተጂ ከሰበታ ብዙ አይርቅም፤ ሰበታና ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ ሸገር ከተማ ተብለዋል፣ አዲስ አበባም ከነሱ ቀጥሎ ነው። ለባለሙያ ይህ ቅርበት ፈተና ነው። ቤተሰቡ ሰበታ ያለ ሰው ጠዋት በሚኒባስ መጥቶ ማታ ይመለሳል፤ ቀኑ ይሸፈናል፣ ሌሊቱ ግን እዚያው ቤት ተከራይታ በምትኖረው ላይ ይወድቃል። እሷም ትንሽ ቆይታ «እኔስ ለምን?» ትላለች፤ ልክ ናት። የሚመላለሱትን አልወቅሳቸውም፤ ልጅ አላቸው፣ ባል አላቸው፣ በገጠር ከተማ ደህና ትምህርት ቤት አያገኙም። ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ቤት ቢሠራ ስንቷ በቀረች! ያንቺ ምድብ ሩቅ ስለሆነ የመመላለሱ ፈተና አይኖርብሽም፤ የብቸኝነቱ ግን ይኖራል። ቤት ስትከራዪ በሌሊት ከጤና ጣቢያው በእግር የሚደረስ ይሁን፤ ግቢው የሰው ድምፅ ያለበት ይሁን። ርካሽና ገለልተኛ ቤት አትያዢ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፤ እኔ ለምን አልለቀቅሁም? ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አብሮኝ የሚሠራ ከወለጋ የመጣ ወንድ ሚድዋይፍ ነበር። መጀመሪያ ላይ ሴቶቹ «ወንድ አያየኝም» ብለው እምቢ ይሉት ነበር። እሱ አይከራከርም። ከመጋረጃው ውጭ ቆሞ የሚያስፈልገኝን ያቀብለኛል፣ የሕፃኑን ማሞቂያ ያዘጋጃል፣ ባል ከውጭ ሲጨነቅ ሄዶ ያናግራል። ዓመት ሳይሞላ ሴቶቹ በስሙ ጠርተው «እሱ የለም ወይ?» የሚሉ ሆኑ። ለእኔ ደግሞ የሌሊቱ ሁለተኛ እጅ እሱ ነበር። ሕፃን ሳያለቅስ ሲወጣ አንድ ደቂቃ ምን ያህል አጭር እንደሆነች በትምህርት ቤት ነግረውሻል፤ እናቱን ይዤ ሳለሁ እሱ ሕፃኑን አድርቆ፣ አንገቱን አቃንቶ፣ በአምቡ ባግ አየር ሲሰጠው ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል አይቻለሁ። አንዳንዱ ግን አልተመለሰም። ያን ጊዜ ጠዋት ላይ ቡና አስፈልተን ዝም ብለን አብረን እንቀመጥ ነበር፤ ጥፋተኛ አንፈላለግም፣ ቀስ ብለን ምን ተደረገ፣ ምን ቀረ እንባባላለን። ያ ቡና ባይኖር ከማመልከቻ አስገቢዎቹ አንዷ እሆን ነበር። እሱ ለትምህርት ሲሄድ ሌላ ሰው እስኪመጣ ድረስ ያለው ጊዜ በሥራ ዘመኔ ሁሉ የከበደኝ ነው፤ መልቀቂያ መጻፍን ያሰብኩትም ያኔ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ያየሁት ለውጥ ነው። አንቺ ከመወለድሽ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1992 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከመቶ ወሊድ አምስቱ ብቻ በጤና ተቋም እንደሚፈጸም አገኘ፤ ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት አንድ እግሯ መቃብር ነው የሚባለው በከንቱ አልነበረም። በ2003 ዓ.ም. አሥሩ፣ በ2008 ዓ.ም. ሃያ ስድስቱ፣ በ2011 ዓ.ም. አርባ ስምንቱ በተቋም ወለዱ። የእናቶች ሞትም በ2008ቱ ጥናት ወደ 412 ወርዷል። ይህን ማን አደረገው? የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው፣ መንገድ ተሠርቶ፣ አምቡላንስ ገብቶ፣ ወሊድ በነፃ ሆኖ፣ በመጨረሻ ግን አልጋው ዳር የቆመችው ሚድዋይፍ ተቀብላ ነው። ቁጥሩ ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። መጀመሪያ ስሠራ ሴቶች ወደኛ የሚመጡት ቤት ሦስት ቀን አምጠው፣ በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ነበር። ኋላ ላይ ግን በቀኗ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ እናቷ ለገንፎው ዱቄትና ቅቤ ይዛ ከኋላዋ የምትመጣ ሴት አየሁ። ያችን ሴት ያየ ሰው መልቀቅ ይከብደዋል።

ነገ አዲስ አበባ ለዕቃ ስትወርጂ በጦር ኃይሎች በኩል ታልፊያለሽ። እዚያ ያለው ሆስፒታል ቀድሞ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል ነበር። ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን ለንደን በታወቀው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች፤ አገሯ ገብታ፣ አግብታ፣ በ1934 ዓ.ም. ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ነቀምቴ ላይ አረፈች። 22 ዓመቷ ነበር፤ ያንቺን ዕድሜ ያህል። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ መሆኗ አላስጣላትም። ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1951 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ የመጡት በዚያው ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት ሊያቋቁሙ ነው። የፌስቱላ በሽተኞችን ሲያዩ ሥራቸው ወደዚያ አደላ፤ ኋላም የፌስቱላውን ሆስፒታል ከፈቱ። ዶክተር ካትሪን ግን ፌስቱላን የሚያቆመው ቀዶ ጥገና ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸው እ.ኤ.አ. በ2007 የሃምሊን የሚድዋይፎች ኮሌጅን አስጀመሩ። ከገጠር ልጃገረዶችን ተቀብሎ፣ አስተምሮ፣ ወደ መጡበት አካባቢ ይመልሳል። እኔን የሚማርከኝ ሲመድብ የሚያደርገው ነው፤ አንዷን ለብቻዋ አይልክም፣ ጥንድ አድርጎ ነው የሚልከው። በሬን ዘግቼ ለዓመታት ያዳመጥኩት ልመና እዚያ ደንብ ሆኖ ተጽፏል።

ልጄ፣ አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። መቅረት በራሱ ጽድቅ አይደለም። ሃያ ዓመት ቆይታ፣ ልቧ ግን ከሄደ የቆየ አዋላጅ አይቻለሁ። ምጥ ላይ ያለችውን «ስትተኚ መች ጮኽሽ!» ብላ የምትሳደብ፣ ጭኗን በጥፊ የምትመታ፣ መጋረጃ ሳትስብ የምትመረምር። የተሰደበችው ሴት ቤቷ ሄዳ ለጎረቤቷ ትናገራለች፤ ጎረቤቷም በቀጣዩ ዓመት ቤቷ ትወልዳለች፣ ምናልባትም ቤቷ ትሞታለች። እንዲህ ከሚቀር መሄድ ይሻላል፤ ለእናቶቹም ለራሷ ለአዋላጇም። እነዚያ አዋላጆችም ክፉ ሆነው የተፈጠሩ አልነበሩም። አብዛኞቹ ለረጅም ጊዜ ብቻቸውን ያደሩ ናቸው። ምላስሽ ሻካራ ሲሆንብሽ፣ የሴቲቱ ጩኸት ሲያናድድሽ፣ ያ የድካም ምልክት ነውና የዓመት ፈቃድሽን ጠይቂና ቤትሽ ነይ። ፈቃድ አጠራቅሞ መሸጥ የሚሉት ነገር አለ፤ አንቺ አታድርጊው።

እዚያ እንደደረስሽ መጀመሪያ ዘበኛውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ተዋወቂ። ሌሊት የሚጠሩልሽ እነሱ ናቸው፤ የት ምን እንዳለም ከኃላፊው ይበልጥ ያውቃሉ። ፍሪጁን ራስሽ ክፈቺው፤ ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ኃይሉ ይደክማል፣ መብራት በሚጠፋበት አገር ደግሞ ሣጥኑ ላይ ያለውን ቀን ብቻ አይተሽ አትመኚው። ማግኒዥየም ሰልፌት የት እንደተቀመጠ ቀን በብርሃን እዪው፤ ሴት አንቀጥቅጧት ስትመጣ ቁልፍ አይፈለግም። የሪፈር ሆስፒታሉን የማዋለጃ ክፍል ቀጥታ ስልክ ያዢ፣ ከዚያ ያሉትን ሰዎች አንድ ቀን ሄደሽ ተዋወቂ። እኔ ከዚህ ወደ ወሊሶ ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ሴት በምልክበት ጊዜ አስቀድሜ እደውል ነበር፤ አንድ ጊዜ ቡና አብሮሽ የጠጣ ሰው ስልክሽን ቶሎ ያነሳል። አፋን ኦሮሞ ከተጂ ይዘሽ ስለምትሄጂ ተመስገን፤ ሴት በምጥ የምትጮኸው በእናቷ ቋንቋ ነው። የልምድ አዋላጆቹን አታዋርጂ። ከእነሱ አንዷ ልብ ካለችሽ «ይቺ ሴት አላማረችኝም» ብላ በጊዜ ይዛልሽ ትመጣለች። ቤታቸው ሩቅ ለሆነ ነፍሰ ጡሮች የእናቶች ማቆያ ካለ እሱን አጠናክሪ፤ በጉራጌው አጣጥ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የቆየው ማቆያ ስንቱን እንደታደገ በሥልጠና ላይ ነግረውናል።

አንድ ቀን፣ ከሁለትም ይሁን ከስድስት ዓመት በኋላ፣ መሄድ ትፈልጊ ይሆናል። ለትምህርት፣ ለትዳር፣ ወይም ስለደከመሽ። ያኔ እንደ ከዳተኛ አላይሽም። ግዴታሽን የምትጨርሺበትን ቀን ዛሬውኑ ጻፊው፤ የቅጥር ደብዳቤሽን፣ የሙያ ፈቃድሽን፣ የሥልጠና ምስክር ወረቀቶችሽን ኮፒ እኔ ጋ አስቀምጪ። ወረቀቷ ያልተሟላ ሰው መሄድ እየፈለገች ትቀራለች፣ ከዚያም ምላሷ ይሻክራል። የምትሄጂ ከሆነም ማመልከቻሽ ላይ «በግል ጉዳይ» አትበዪ። እውነተኛውን ምክንያት ጻፊ፤ ለብቻዬ ስንት ሌሊት አደርኩ፣ የዱቲ ክፍያዬ ስንት ወር ዘገየ፣ ምን ብጠይቅ ምን አልተመለሰልኝም ብለሽ። ቀጥላ የምትመጣው ልጅ የምትጠቀመው በሱ ነው።

ለመጀመሪያው ወር፣ ደመወዝሽ እስኪገባ፣ በቴሌብር ትንሽ ብር ልኬልሻለሁ፤ ብርድ ልብስና ጥሩ ጫማ ግዢበት። ሰኞ ስትደርሺ ስለ መንገዱ ከመንገርሽ በፊት አብራሽ ተረኛ የምትሆነዋን ሰው ስምና ስልክ ላኪልኝ። ማንም ከሌለም ያንኑ ጻፊልኝ፤ ለወረዳው የምታስገቢውን ደብዳቤ አብረን እናረቃለን፣ መልስ እስኪመጣም ማታ ማታ እደውልልሻለሁ።

እናትሽ